የማኅበረሰብ ጥናት መረጃ አሰባሰብ መመሪያ፦ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሚያጠኑ

የሰውን ኑሮ መርምሮ ለሌላው ለማስረዳት የሚነሣ ሰው፣ ዕውቀቱን ከመጻሕፍት፣ ስሌቱንም ከመምህራኑ ቢያገኝም፣ የጥናቱ እውነተኛነት የሚወሰነው አኃዙ በኮምፒውተር በሚደመርበት ጊዜ ሳይሆን፣ ማን እንደ ተጠየቀና ማን እንደ ተዘለለ፣ ጥያቄውም በምን ቃልና በምን ሰዓት እንደ ቀረበ በሚለይበት በሰው ደጃፍ ላይ መሆኑን ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። በደጃፍ ላይ የተሳተውን ነገር በኋላ የሚያቃና የሒሳብ ጥበብ እስካሁን አልተገኘም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በአዳማ፣ በሞጆ፣ በቢሾፍቱ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ የመጀመሪያ ጥናታችሁን ለመሥራት ለተነሣችሁ ነው። እነዚህ ከተሞች በአንድ ጠባይ ይመሳሰላሉ፤ ይኸውም መንገድና ሥራ ከሩቅ ሰው እየጠሩ ያሳደጓቸው መሆናቸው ነው። የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በአዳማ በኩል አልፎ ነበር፤ በ1946 ዓ.ም. ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በአጠገቧ ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት በጀመረ ጊዜ ከየአውራጃው የመጣ ሠራተኛ በአካባቢው ሰፈረ፤ በ2007 ዓ.ም. መግቢያ የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ፣ በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተከፈቱ። ከዚህም የተነሣ በአዳማ የሚያጠና ሰው ትልቁ ፈተናው ነዋሪው ማን እንደ ሆነ መለየት ነው፤ እኔም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከሌላው ሁሉ አብልጬ የማብራራው ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ጥያቄን መወሰን ነው። ጀማሪ ተመራማሪ ብዙውን ጊዜ «የወጣቶች ፍልሰት በአዳማ» የሚል ሰፊ ርእስ ይዞ ይነሣል፤ ይህ ግን ርእስ እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ ጥያቄ መልስ ሊገኝለት የሚችል፣ መልሱም ከገመትነው የተለየ ሆኖ ሊመጣ የሚችል መሆን አለበትና። በዚህ መመሪያ ውስጥ ለምሳሌ የምንይዘው ይህን ነው፦ ከገጠር መጥተው በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተቀጠሩና ክፍል ተጋርተው የሚኖሩ ወጣት ሴቶች፣ ከአንዱ ደመወዝ እስከ ሌላው ደመወዝ ድረስ ኑሯቸውን የሚገፉት በማን ድጋፍና በምን ዘዴ ነው? በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚጠናው ሰው፣ ስፍራውና ጉዳዩ ተለይተው ታውቀዋል። የእናንተንም ጥያቄ እንዲሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፋችሁ ምርምር ለማያውቅ ለአንድ ጎረቤታችሁ አንብቡለት፤ «ይህን ብታውቁ ምን ታደርጉበታላችሁ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ መልስ ካጣችሁ፣ ነገሩ ገና አልበሰለምና ተመልሳችሁ አስቡበት።

ከዚህ ቀጥሎ ከእናንተ በፊት የተጻፈውን ታነባላችሁ። ኢትዮጵያ ሕዝቧን በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ቆጥራለች፤ በ1999ኙ ቆጠራ የአዳማ ሕዝብ 220,212፣ የቤተሰቦቿም ቁጥር 60,174 ሆኖ ተመዝግቧል። ይህ አኃዝ የተገኘው የፍጥነት መንገዱም ሆነ ፓርኩ ከመሠራታቸው በፊት ስለ ሆነ፣ የዛሬዪቱን አዳማ ለመግለጽ የሚጠቅሰው ሁሉ ዓመቱን ከአኃዙ ጋር አብሮ መጻፍ ግዴታው ነው፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት የሕዝብ ብዛት ቁጥሮች በስሌት የተተነበዩ እንጂ ቤት ለቤት የተቆጠሩ አይደሉምና።

ከቆጠራው ሌላ በዚሁ በስምጥ ሸለቆ ዙሪያ ለጀማሪ ትልቅ ትምህርት የሚሰጡ ጥናቶች አሉ። በ1986 እና በ1987 ዓ.ም. አካባቢ በአሥራ አምስት የገጠር ቀበሌዎች ላይ የተካሄደውና ፊሊፓ ቤቫንና አሉላ ፓንክረስት በአዘጋጅነት የመሩት የመንደር ጥናት፣ በሻሸመኔ አጠገብ ያለችውን ቱሩፌ ቀጨማንና በቢሾፍቱ አጠገብ ያለችውን ሲርባና ጎደቲን የሚጨምር ሲሆን፣ ተመራማሪዎቹ ከዓመታት በኋላ ወደ እነዚሁ ስፍራዎች ደጋግመው በመመለሳቸው፣ አንድ ጊዜ ብቻ የጠየቀ ሰው ፈጽሞ ሊያየው የማይችለውን የኑሮ ለውጥ ለማየት ችለዋል። በ1994 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናትም በአገራችን ሦስት ሺህ ሕፃናትን መርጦ እያደጉ ሲሄዱ ተከትሏቸዋል። እነዚህን ስታነቡ የደረሱበትን ውጤት ብቻ ሳይሆን፣ ምን ብለው እንደ ጠየቁ፣ ማንን እንደ መረጡና ያጠኑትን ሰው ማንነት እንዴት እንደ ሰወሩ አስተውሉ።

ፈቃድ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ የወረቀትና የሰው። የወረቀቱ ከዩኒቨርሲቲያችሁ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ተነሥቶ፣ በትብብር ደብዳቤ አማካይነት በከተማው አስተዳደርና በክፍለ ከተማው በኩል እስከ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይወርዳል፤ ማኅተሙ እስኪደረግበትም ብዙ ቀን ሊወስድ ስለሚችል መጠይቁ ሳይጠናቀቅ ጀምሩት። የሰው ፈቃድ ግን የሚገኘው ከእድር ዳኛው፣ ከጃርሳ ቢያው (ከኦሮሞ አገር ሽማግሌው)፣ ከሠፈሩ ሽማግሌዎችና ከግቢው ባለቤት ነው፤ እነዚህ ያልተቀበሉት ተመራማሪ ደብዳቤው ሙሉ ቢሆንም ያገኘው በር ይከፈትለታል እንጂ አፍ አይከፈትለትም። በዚህ ረገድ አንድ ጽኑ ምክር አለኝ፦ የቀበሌ ባለ ሥልጣን «ቤቶቹን ላሳያችሁ» ብሎ ከእናንተ ጋር ለመዞር ቢነሣ በአክብሮት አመስግናችሁ አስቀሩት፤ እርሱ ከደጅ ቆሞ የሚሰጥ መልስ ለእናንተ የተሰጠ መስሎ ለእርሱ የሚሰጥ ነውና።

የጥናት ዘዴ ስለ መምረጥ ብዙ ክርክር አለ፤ በእኔ አስተያየት ነገሩ ቀላል ነው። «ስንት ናቸው? ስንቱ እንዲህ ያደርጋሉ?» የሚል ጥያቄ መጠይቅና ናሙና ይሻል፤ «እንዴት? ስለ ምን?» የሚል ጥያቄ ደግሞ ጥልቅ ቃለ መጠይቅንና ምልከታን ይሻል። የእኛ ምሳሌ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ዘዴዎቹንም ማጣመር መልካም ነው፣ ጊዜና ገንዘብ ካላችሁ። ከሌላችሁ አንዱን በሚገባ መሥራት ሁለቱን በጥድፊያ ከመሥራት እጅግ ይሻላል።

አሁን ወደ ናሙና እንምጣ። ተማሪዎች ሁሉ ሲመረቁ የሚጽፉት የናሙና ብዛት መወሰኛ የያማኔ ቀመር የቤተሰቡን ጠቅላላ ቁጥር ወስዶ፣ ለራሱ ለቁጥሩና ለስሕተት ልኩ ካሬ ብዜት አንድ ደምሮ በዚያ ያካፍላል፤ በ60,174 ቤተሰብና በመቶ አምስት የስሕተት ልክ ብትሠሩት፣ ክፍልፋዩ ወደ ላይ ተሞልቶ 398 ይሰጣችኋል። አሁን ከተማዪቱ ዐሥር እጥፍ ብትሆን ምን ይሆናል ብላችሁ 601,740 አስገቡበት፤ የምታገኙት 400 ነው። ዐሥር እጥፍ ሕዝብ ናሙናውን በሁለት ሰው ብቻ ጨመረው ማለት ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ተማሪውና አማካሪው ሲከራከሩበት የሚውሉት የናሙናው ብዛት የጥናቱ ዋና ጭንቀት ሊሆን እንደማይገባው ነው። ዋናው ጭንቀት 398ቱ ሰዎች ከየትኛው ዝርዝር ይወጣሉ የሚለው ነው።

ዝርዝሩ ከቀበሌ ቢመጣ በውስጡ የምታገኙት ባለ ቤቶችን ነው። የምናጠናቸው ሴቶች ግን ባለ ቤቶች አይደሉም። በአዳማ አንድ ግቢ ስትገቡ ከፊት ለፊት የአከራዩ ቤት ይታያችኋል፤ የቤት ቁጥሩ የተለጠፈው በእርሱ በር ላይ ነው። ከኋላ በኩል አጥሩን ተከትለው ተርታውን የተሠሩ፣ አንዳንዶቹ ከጭቃ፣ አንዳንዶቹ ከብሎኬት የሆኑ የኪራይ ክፍሎች አሉ፤ በእነዚህ ውስጥ ሦስትም አራትም ሆነው የሚኖሩ ልጃገረዶች ስማቸው በቀበሌው መዝገብ ላይ አይገኝም፣ መታወቂያቸውም የመጡበት ወረዳ ነው። ስለዚህ ከመዝገቡ የተወሰደ ናሙና፣ ቀመሩ ምንም ያህል ቢቃና፣ ጥያቄያችሁ የሚመለከታቸውን ሰዎች በሙሉ ይዘላቸዋል።

መድኃኒቱ ዝርዝሩን ራሳችሁ መሥራት ነው። ከፓርኩ ሠራተኞች ብዙዎቹ የሚኖሩባቸውን ሠፈሮች ጠይቃችሁ ለዩ፤ መንገዱን፣ ወንዙን፣ መስጊዱንና ቤተ ክርስቲያኑን ምልክት አድርጋችሁ ንድፈ ካርታ ሣሉ፤ ከዚያ ከአንድ ጥግ ጀምራችሁ ወደ ቀኝ እየታጠፋችሁ እያንዳንዱን ግቢ ግቡና ክፍሎቹን ቁጠሩ። አከራይ የክፍሎቹን ብዛት ግብርን ፈርቶ ሊያሳንስ ይችላልና በቃሉ ብቻ አትመኑ፤ በበሮቹ ላይ ያሉትን ቁልፎች፣ በደጃፉ የተደረደሩትን ነጠላ ጫማዎችና የከሰል ማንደጃዎች ተመልከቱ። ሦስት ልጆች በአንድ ክፍል አድረው ሁለቱ ከአንድ ድስት የሚበሉ፣ አንደኛዋ ግን ለብቻዋ የምታበስል ብትሆን አንድ ቤተሰብ ትሏቸዋላችሁ ወይስ ሁለት? በሕዝብ ቆጠራ ልማድ አብሮ መኖርና አብሮ መመገብ ቤተሰብን ይወስናል፤ እናንተም ከመውጣታችሁ በፊት ይህን ቁርጥ አድርጋችሁ ወስናችሁ ለረዳቶቻችሁ ሁሉ በጽሑፍ ስጡ፤ ካልሆነ አንዱ ረዳት በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ይቆጥራል።

ዝርዝሩ 1,200 ክፍሎች ቢደርስና 150 ለመጠየቅ ብታስቡ፣ በየስምንተኛው ክፍል ትገባላችሁ ማለት ነው፤ መነሻውን ከአንድ እስከ ስምንት ባለው ቁጥር መካከል በዕጣ አውጡ። ዕጣው የጣለላችሁ ክፍል ተዘግቶ ብታገኙት ወደ ጎረቤቱ አትለፉ። በሥራ ሰዓት በሯ የተዘጋው ሠራተኛዪቱ እርሷ ናት፤ በቤት የምትገኘው ጎረቤቷ ሥራ ያጣች፣ የታመመች ወይም የወለደች ልትሆን ትችላለች፤ በዚህ ምትክ የተሞላ ጥናት ሠራተኞችን አጠናሁ እያለ ሥራ ያጡትን ያጠናል። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተመለሱ፤ አንዱን በምሽት፣ አንዱን በእሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የፈረቃዋንም ሰዓት ከጎረቤት ጠይቃችሁ አንዱን በዚያ አድርጉት። ሳታገኟት ብትቀሩ «አልተገኘችም» ብላችሁ መዝግቡና ስንቶች እንዳልተገኙ በጽሑፋችሁ ውስጥ ግለጹ። እንዲህ ያለው ድካም ከንቱ አይቀርም፤ ደብልዩ.ኢ.ቢ. ዱ ቦይስ የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ አጥኚ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ በፊላዴልፊያ በጥቁር አሜሪካውያን ሠፈር ከባለቤቱ ጋር እየኖረ፣ መጠይቁን በእጁ ይዞ ቤት ለቤት እየዞረ በመጠየቅ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ የሚከበረው፣ ስለ እነዚያ ሰዎች ሌሎች በግምት የጻፉትን እርሱ በእግሩ ሄዶ በማረጋገጡ ነው።

መጠይቁን ስታዘጋጁ መጀመሪያ የቋንቋን ነገር አስቡ። በ1999ኙ ቆጠራ በአዳማ ራሳቸውን ኦሮሞ ያሉት 39.02 በመቶ ሲሆኑ፣ ኦሮምኛን አፍ መፍቻ ቋንቋችን ነው ያሉት 26.25 በመቶ ነበሩ፤ አማርኛን አፍ መፍቻ ያሉት 59.25 በመቶ ሲሆኑ፣ አማራ ነን ያሉት ግን 34.53 በመቶ ናቸው። እንግዲህ ከስሟ ወይም ከትውልዷ ተነሥታችሁ ቋንቋዋን አትገምቱ፤ «በየትኛው ቋንቋ ብንጨዋወት ይሻልሻል?» ብላችሁ ጀምሩ። መጠይቁ በሁለቱም ቋንቋ ይዘጋጅ፤ አንዱ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ የመለሰውን ሌላ ሰው የአማርኛውን ሳያይ ወደ አማርኛ ይመልሰውና ሁለቱ አማርኞች ይተያዩ፤ የተለያዩበት ቦታ ሁሉ ጥያቄው የሚታረምበት ቦታ ነው።

ጥያቄ ሲጻፍ አንዱ ጥያቄ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ። «የቤት ኪራይና የትራንስፖርት ዋጋ አስቸግሮሻል?» ብትሏት፣ ኪራዩ አስቸግሯት በሰርቪስ አውቶቡስ የምትሄድ ልጅ ምን ብላ ትመልሳለች? መልሱንም አስቀድሞ በአፏ የሚያስገባ ጥያቄ፣ እንደ «አለቃሽ ይበድልሻል አይደል?» ያለው፣ ከጥናት ይልቅ ክስ ነው። «ኑሮ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ «ተመስገን» ወይም «አልሐምዱ ሊላህ» የሚል መልስ ስታገኙ፣ ይህ የሃይማኖትና የጨዋነት ምላሽ እንጂ የኑሮ መለኪያ አይደለምና «ደስተኛ» በሚለው ሣጥን ውስጥ አታስገቡት። በዚህ ፈንታ የተደረገ ነገርን ጠይቁ፦ «ባለፈው ወር ኪራይ ከከፈልሽ በኋላ በእጅሽ ምን ቀረ? ገንዘቡ ባለቀ ጊዜ ከማን ተበደርሽ? ለቤተሰብ የላክሽው አለ?» ገቢን በቀጥታ ቢጠይቁት ሰው ይደብቃል፤ ወጪን ግን በየነገሩ ሲጠይቁት ያስታውሰዋል። በተለይም ዕቁብ ስንት እንደምትጥል መጠየቅ የእጇን አቅም ደህና አድርጎ ያሳያል፤ በወር የምትጥለውን ስትናገር ልትቆጥብ የምትችለውን ሁሉ ተናገረች ማለት ነውና።

በዕድሜ የገፉ ሰዎችን በምትጠይቁበት ጊዜ፣ ለምሳሌ በወንጂ የቀድሞ የአገዳ ሠራተኞችን ብታጠኑ፣ ዓመተ ምሕረትን ከመጠየቅ ይልቅ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ምልክት አድርጉ፦ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ፣ በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካው በመንግሥት ሲወረስ፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲመጣ፣ «ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ? አግብተው ነበር?» እያላችሁ ጠይቁ። የሰዓትና የዘመን አቆጣጠራችሁም በኢትዮጵያ ይሁን፤ ኮቦን የመሰለ የስልክ መጠይቅ የምትጠቀሙ ከሆነ መሣሪያው የሚመዘግበው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለ ሆነ፣ ማታ ስትመልሱት የሚሳት ቀን እንዳይኖር አንድ ሰው ለዚህ ኃላፊ አድርጉ።

መጠይቁ እንደ ተጠናቀቀ ወደ ተመረጡት ክፍሎች ሳትሄዱ በሌላ ስፍራ ሞክሩት፤ ለእኛ ምሳሌ ሞጆ ላይ በቆዳ ፋብሪካ የሚሠሩ ጥቂት ሴቶች ይበቃሉ። ተጠያቂዋ «ምን አልሽ?» ብላ ያስደገመችው ጥያቄ ሁሉ ይታረም። ረዳቶቻችሁን ስትመርጡም፣ የተማረ ወንድ የፋብሪካ ሠራተኛ የሆነችን ልጅ በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ መጠየቁ ተገቢ እንዳልሆነ ታውቁታላችሁ፤ ሴት ረዳቶች ይኑሯችሁ። እነርሱም የሰውን መዓርግ ይጠብቁ፤ ታላቂቱን «እትዬ» ወይም በኦሮምኛ «አዴ»፣ አባወራውን «ጋሼ» ወይም «ኦቦ» ይበሉ፤ እኩያቸውን ልጅ ደግሞ «አንቺ» ከማለታቸው በፊት አንድ ጊዜ በአክብሮት ቢጠሯት ነገሩ በሌላ መንፈስ ይጀመራል።

ጥልቅ ቃለ መጠይቅ ከመጠይቁ የሚለየው፣ ተመራማሪው ጥቂት ጠይቆ ብዙ የሚያዳምጥበት በመሆኑ ነው። ከመቶ ሃምሳዎቹ ውስጥ በኑሯቸው የተለያዩ አሥራ ሁለት ያህል ምረጡ፤ አዲስ የመጣችውን፣ ቆይታ ሥራ የለወጠችውን፣ ወልዳ ያቋረጠችውን፣ ወደ አረብ አገር ለመሄድ የምትሰናዳውን። በግቢው ውስጥ አትጠይቁ፤ አከራይዋ ልብስ እያጠቡ የሚሰሙት ቃለ መጠይቅ ስለ አከራይ ምንም አይነግራችሁም። ራሷ የምትመርጠው ስፍራ ይሁን፣ ምናልባት ሰው ያልበዛበት ሻይ ቤት፣ ምናልባት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ። ድምፅ ከመቅዳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ካልፈቀደች በእጅ ጻፉ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ከቤትሽ የወጣሽበትን ቀን ንገሪኝ» የሚል ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ዝም በሉ። ስትናገር አቋርጣ ዐይኗን ወደ መሬት ብትጥል ቶሎ ብላችሁ በሌላ ጥያቄ ዝምታውን አትሙሉት፤ ከዝምታ በኋላ የሚመጣው ቃል ብዙ ጊዜ ስትሸከመው የኖረችው ነው። ካለቀሰች ግን ጥናቱ ይቁም፤ ልትቀጥል ወይም ልትተው የምትወስነው እርሷ ናት፣ እናንተ አይደላችሁም።

በቡድን ውይይት ከስድስት እስከ ዐሥር ሰው ይበቃል፤ አከራይና ተከራይ፣ አለቃና ሠራተኛ፣ አባትና ልጅ ግን በአንድ ወንበር ዙሪያ አይቀመጡ። ቡድን የሚያሳየው ሰው በሰው ፊት ሊናገረው የሚገባውን ነገር ነው፤ ይህም ራሱ ትልቅ መረጃ ነው፣ የግል ምስጢርን ግን ከዚህ አትጠብቁ።

ምልከታ ከሁሉ የሚረክስ ከሁሉም የሚረሳ ዘዴ ነው። ማለዳ ከዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሠራተኞቹ ሰርቪስ በሚጠብቁበት ማዕዘን ቁሙ፤ ማን ከማን ጋር ይመጣል፣ ማን ዳቦ ገዝታ ለጓደኛዋ ታካፍላለች፣ ማን ብቻዋን ትቆማለች፣ አውቶቡሱ ያመለጣት ምን ታደርጋለች? ማስታወሻ ደብተራችሁን በመስመር ለሁለት ከፍላችሁ በአንዱ ወገን ያያችሁትን፣ በሌላው ያሰባችሁትን ጻፉ፤ ሁለቱ ፈጽሞ አይቀላቀሉ። የዚህን ልዩነት የሚያስረዳ ምሳሌ በአገሩ ሰው ጥርስ ላይ አለ። በስምጥ ሸለቆ የሚወጣው የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለ ሆነ፣ በወንጂም ሠራተኞችን ለአጥንት ሕመም እስከ ማድረስ ደርሷል፤ ጥርስን ግን ቡኒ የሚያደርገው በልጅነት፣ ጥርሱ ገና ሳይበቅል በሚሠራበት ዕድሜ የተጠጣ እንደ ሆነ ነው። እንግዲህ «ጥርሷ ቡኒ ነው» የሚለው በመጀመሪያው ወገን ይጻፋል፤ «በዚሁ ሸለቆ ያደገች ትመስላለች» የሚለው በሁለተኛው ወገን። እርሱም ቢሆን በጥያቄ እስኪረጋገጥ ድረስ ግምት ነው፤ ወጣቶቹ በጥርሳቸው ስለሚያፍሩም የምትጠይቁት «በልጅነትሽ ውሃ ከየት ትቀዱ ነበር?» ብላችሁ እንጂ አፏን እየተመለከታችሁ አይሁን።

ሰነዶችንም አትርሱ፦ የእድር መዝገብ፣ የዕቁብ ደብተር፣ የአከራይ የኪራይ ማስታወሻ፣ የሠራተኛን ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የአቤቱታ ፋይል። እያንዳንዱን ስትገልጡ ማን ጻፈው፣ ለማን ጻፈው፣ ምንስ ሊያተርፍበት ጻፈው ብላችሁ ጠይቁ።

የተጠያቂ ምስጢር በተመራማሪ ዘንድ በንስሐ አባት ዘንድ እንዳለ ኑዛዜ የተጠበቀ ይሁን። ስምና ስልክ በአንድ ደብተር፣ መልሱ በመለያ ቁጥር በሌላ ይቀመጥ፤ ሁለቱ በአንድ ቦርሳ አይያዙ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ይህን በሕግ ስለ ደነገገ፣ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ አይደለም። ፈቃድ ስትጠይቁም ጥናቱ የማን እንደ ሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ያልፈለገችውን ጥያቄ ልትዘለው፣ በመካከሉም ልታቋርጥ እንደምትችል በግልጽ ንገሯት። ከሁሉ ይልቅ ግን ይህን አስረዱ፦ ለኮንዶሚኒየም፣ ለእርዳታ ወይም ለሥራ ለመመዝገብ አልመጣችሁም። በየቤቱ ወረቀት ይዞ የሚገባ ሰው ሁሉ ለስጦታ የሚመዘግብ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ይህን ተስፋ ሳታርሙ ብትጠይቁ የምታገኙት የችግር ዝርዝር በተስፋው ልክ የተሰፋ ይሆናል፣ እናንተም የድኻን ተስፋ ያለ ዋጋ ትወስዳላችሁ። በሻሸመኔ የጃማይካ ሠፈር ወይም በባቱ የአበባ እርሻ ሠራተኞች መካከል ልትሠሩ ብታስቡ፣ ከእናንተ በፊት ጠይቀው የሄዱት ምን መልሰው እንዳመጡ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ምንም ካላመጡ የእናንተ ዕዳ በእጥፍ ነው።

የቀኑን ማስታወሻ ሳታሳድሩ ጻፉ፤ በማግስቱ የምታስታውሱት የነገሩን ፍሬ እንጂ የተናጋሪዋን ቃል አይሆንም። የመጠይቁን መልስ ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ. በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ስታስገቡ ከየዐሥሩ አንዱን በሌላ ሰው እጅ ደግማችሁ አስገቡና አስተያዩ። ቃለ መጠይቁን ግን መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር አንብቡት፣ ምልክት ሳታደርጉ፤ በሁለተኛው ንባብ ተመሳሳዩን ነገር በተመሳሳይ ቃል ሰይሙ። ትርጓሜ ስትሰጡ የመጻሕፍት መምህራን በአንድምታ የሚያደርጉትን አድርጉ፤ እነርሱ አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ በየወገኑ ፈትተው ሳያዩት አያልፉትም። ከጓደኞቿ የምትበደረው ብዙ ከሆነ ይህ የመተማመን ምልክት ነው፤ አንድም የደመወዝ ማነስ ነው፤ አንድም ከአከራይ መበደር የሚያስከትለውን ነገር መፍራት ነው። እያንዳንዱን ፍቺ ከመረጃው ጋር አጋጩት፤ ከፍቺያችሁ ጋር የማይስማማ አንድ ቃለ መጠይቅ ቢኖር እርሱን በተለይ ደግማችሁ አንብቡ፣ በጽሑፋችሁም ውስጥ አቅርቡት እንጂ አትደብቁት።

ጽሑፉ አልቆ ከመታተሙ በፊት ፍሬ ነገሩን በአማርኛና በኦሮምኛ በአንድ ገጽ አሳጥራችሁ ወደ ጠየቃችኋቸው ሰዎች ተመለሱ። ሠራተኞቹ ዕረፍት በሚሆኑበት እሑድ፣ የእድሩ ዳኛ ቦታ ቢሰጧችሁ በእድሩ አዳራሽ፣ አንድ በአንድ አንብቡላቸው፣ ማንም ሰው ተለይቶ የሚታወቅበትን ታሪክ ሳትጨምሩ። «ይህ አይደለም፣ እንዲህ ነው» የሚሉትን ተቃውሞ የተናገረውን ሰው ስም ሳትጠቅሱ በቃላቸው ጻፉና በጽሑፋችሁ መጨረሻ ራሱን በቻለ ክፍል አስገቡት። የተጠናቀቀውን ቅጂ ለቀበሌው፣ ለእድሩና ለዩኒቨርሲቲያችሁ ቤተ መጻሕፍት አስረክቡ፤ የሚቀጥለው ተመራማሪ የክፍሎቹን ዝርዝር የሠራችሁበትን መንገድ ተከትሎ እንደገና እንዲቆጥር፣ ንድፈ ካርታውንና መጠይቁን፣ ከስምና ከአድራሻ ንጹሕ አድርጋችሁ፣ ከጀርባው አያይዙት።